ያረጀ ኪቦርድ ሲግል፦ መጀመሪያ ዳታውን፣ ከዚያ ሙቀቱን

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን በብርድ ያደረ የሙዚቃ ኪቦርድ በማግስቱ ጣርማ በርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ይወርድና፣ ፀሐይ ባጋለው የሠርግ ድንኳን ውስጥ በጀነሬተር መብራት እስከ ሌሊት ይሠራል። አዲስ ዕቃ ይህን ይችለዋል። የ15 እና የ20 ዓመት ዕድሜ ያለው ያማሃ፣ ኮርግ ወይም ሮላንድ ግን መሃል ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ አለዚያም ድንገት ይጠፋና ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይነሣል።

እንዲህ ሲሆን እጅ የሚሮጠው ወደ ማጥፊያው ነው። ለዕቃው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ለዳታው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ከፋብሪካ የመጣውን ድምፅ ከኢንተርኔት መልሰው ያገኙታል። ለባቲና ለአንቺሆዬ የተቃኘውን ስኬል፣ በጆሮ የተሠራውን የቺክቺካ ስታይል (አጃቢ ምት)፣ ከመሰንቆና ከዋሽንት የተቀዳውን ሳምፕል ግን የትም አያገኙትም።

ዳታው የት እንዳለ ይለዩ

በድሮ መሣሪያ ውስጥ ዳታ ከሦስት ቦታ በአንዱ ይቀመጣል፤ አደጋውም እንደ ቦታው ይለያያል።

የመጀመሪያው ኃይል ሲቋረጥ የሚጠፋው ራም ነው። በ1999 የወጣው ኮርግ ትራይተን ውስጥ የተሠራ ሶንግና ሳምፕል ካልተቀመጠ፣ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የ2001ዱ ያማሃ ሞቲፍም በሶንግ፣ በፓተርንና በሳምፕል ረገድ እንዲሁ ነው። ሁለተኛው በውስጥ ባትሪ የሚጠበቅ ሚሞሪ ነው፤ ያማሃ ዲኤክስ7 (1983)፣ ሮላንድ ዲ-50 (1987) እና ኮርግ ኤም1 (1988) ድምፆቻቸውን የሚያቆዩት ሲአር2032 በሚባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ሦስተኛው ፍላሽ ሚሞሪ ነው፤ ኋላ የመጡት የፒኤስአርና የኮርግ ፒኤ ሞዴሎች የተጠቃሚውን ስታይልና ሬጂስትሬሽን (በአንድ ቁልፍ የሚጠራ የተቀመጠ ቅንብር) እዚያ ያስቀምጣሉ። ፍላሽ ባትሪ አይፈልግም፤ እየጻፈ እያለ መብራት ከሄደበት ግን ፋይሉ ይበላሻል።

እንግዲህ መሣሪያው ግሎም እየሠራ ከሆነና ያልተቀመጠ ሶንግ ራም ውስጥ ካለ፣ አያጥፉት። ከላዩ የተጣለውን ጨርቅ ያንሡ፣ ከፀሐይ ያውጡት፣ የራሱ ስፒከር ካለው ድምፁን እስከ ዜሮ ይቀንሱ (የውስጡ አምፕሊፋየር ትልቅ የሙቀት ምንጭ ነው)፣ ከጀርባው በኩል ቬንትሌተር ያዙሩበትና ያስቀምጡ። የቫርኒሽ ወይም የፕላስቲክ ቃጠሎ ከሸተተ፣ ጭስ ከታየ ወይም የሚፈነዳ ድምፅ ከተሰማ ግን ዳታው ይቅር፤ ስፒናውን ወዲያው ይንቀሉ።

ስለ ስክሪኑም አንድ ነገር፦ የድሮ ኤልሲዲ በሙቀት ይጠቁራል፣ በብርድ ይደበዝዛል። የአንኮበር ጠዋት ላይ ምንም የማይታይበት ስክሪን ብዙ ጊዜ ብልሽት የለበትም። ኮንትራስቱን ያስተካክሉና ይቀጥሉ።

ዳታውን ማውጣት

*ፍላሽ ለሚቀበሉት።* ፍላሹ 2 ወይም 4 ጊጋባይት፣ ፎርማቱ ፋት32 ቢሆን ይመረጣል። ብዙ የድሮ ኪቦርዶች ትልልቁን ፍላሽ አያዩም፤ ኤንቲኤፍኤስንና ኤክስፋትን አያነቡም። ፎርማቱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በራሱ በኪቦርዱ ያድርጉት። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ ከስምንት ሆሄ ሳያስበልጡ ይጻፉ፤ በአማርኛ ከሰየሙት አንዳንዱ መሣሪያ ፋይሉን ጭራሽ አያሳይም። በኮርግ ፒኤ ላይ በሚዲያ ገጽ «ሴቭ ኦል» ሲሉ ስታይሉም፣ ድምፁም፣ ፐርፎርማንሱም (በኮርግ የሬጂስትሬሽን አቻ) በአንድ ማኅደር ይወጣል። በያማሃ ፒኤስአር «ዩዘር» የሚለውን ገጽ ከፍተው ስታይሉን፣ ሶንጉን፣ ሬጂስትሬሽኑን እያንዳንዱን ለብቻ ኮፒ ማድረግ አለብዎት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው የስኬል ቅኝቱን ነው። በጣት ያስተካከሉት የአምባሰል ቅኝት ከስታይሉ ጋር አብሮ አይሄድም፤ በሬጂስትሬሽን ወይም በፐርፎርማንስ ውስጥ ካላስቀመጡት ኮፒ ያደረጉት ባዶውን ነው።

*ፍሎፒ ለሚጠቀሙት።* ዲስኮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ 720 ኪሎባይትና 1.44 ሜጋባይት። 1.44ቱ ከ720ው የሚለየው በአንደኛው ጥግ ተጨማሪ ቀዳዳ ስላለው ነው። በዩኤስቢ የሚሠራ የፍሎፒ ድራይቭ የፒሲ ፎርማት ያላቸውን ያነባል፤ የአንዳንድ የድሮ ሳምፕለሮችን የተለየ ፎርማት ግን አያነብም፣ ለዚያ እንደ ግሪስዊዝል ያለ የማግኔቱን ምልክት በቀጥታ የሚቀዳ ቦርድ ያስፈልጋል። ያልተነበበ ዲስክ ሲያጋጥም ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ምንጊዜም «አይ» ነው።

ዲስኩን ከማስገባትዎ በፊት የብረት ክዳኑን ገልጠው ያዩት። ነጭ ሻጋታ ወይም ክብ ጭረት ካለው አያስገቡት፤ ሻጋታው ድራይቩን አቆሽሾ ቀጣዩን ጤነኛ ዲስክ ይፍቃል። የድራይቩን ሄድ በጥጥ በተጠቀለለ እንጨትና በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ፤ ንጽሕናው 99 ከመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። የፋርማሲው 70 ከመቶ ውስጥ 30 እጁ ውሃ ነው። አረቄ ደግሞ ለእንግዳ ይቆይ። አንዳንድ ድራይቮች የላስቲክ ቀበቶ አላቸው፤ ላስቲኩ በሙቀትና በዕድሜ ሲላላ ፍጥነቱ ይወርድና ጤነኛውን ዲስክ ሁሉ «ኤረር» ይለዋል።

ድራይቩ ከሞተ ጎቴክ የሚባለው ፍላሽ የሚቀበል ምትክ አለ። ከመግዛትዎ በፊት የገመዱን እግር ይቁጠሩ፤ አንዳንዱ ኪቦርድ ባለ 34 እግር ገመድ፣ አንዳንዱ ባለ 26 እግር ጠፍጣፋ ሪባን ነው የሚጠቀመው። ለሁለተኛው መሸጋገሪያ ቦርድ ይፈልጋሉ። ከኃይል ገመዱ 5 ቮልት የሚመጣበትን እግርም በመልቲሜትር ሳያረጋግጡ አይሰኩ።

*ሚዲ ብቻ ላላቸው።* ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች በገመድ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። እነ ዲኤክስ7 ዳታቸውን የሚልኩት ሲስኤክስ በሚባል የሚዲ መልእክት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ለዊንዶውስ ሚዲ-ኦክስ፣ ለማክ ሲስኤክስ ላይብሬሪያን ይበቃል። የመሣሪያው ሚዲ አውት ከገመዱ «ኢን» ጋር መገናኘት አለበት። ርካሽ ገመዶች ላይ ጽሑፉ የሚያወናብድ ስለሆነ ካልሠራ ያቀያይሩት፤ የሚበላሽ ነገር የለም።

በዲኤክስ7 ላይ ፈንክሽን ውስጥ ገብተው የ8 ቁልፍን ደጋግመው ይጫኑ። «ሲስ ኢንፎ» የሚለው ሲመጣ «የስ» ብለው ይክፈቱት፣ ቀጥሎ «ሚዲ ትራንስሚት?» ሲል እንደገና «የስ» ይበሉ። 32ቱ ድምፅ አንድ ላይ 4,104 ባይት ሆኖ ይወጣል። ሚዲ በሰከንድ የሚያስተላልፈው 3,125 ባይት ያህል ነውና ከአንድ ሰከንድ ተኩል ባነሰ ያልቃል። የተቀበሉት ፋይል 4,104 ካልሆነ ጎድሏል፤ አንድ ባይት ቢያንስም አይቀበሉት። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ያ ርካሽ የዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ነው፤ ረጅም መልእክት ሲመጣ መያዣው ይሞላና የተረፈውን ይጥለዋል። ወደ መሣሪያው መልሰው ሲልኩ ደግሞ ሚዲ-ኦክስ ውስጥ በየመልእክቱ መካከል ያለውን ክፍተት ያስፉ፣ በመሣሪያው ላይም «ሚሞሪ ፕሮቴክት»ን ያጥፉ። ፕሮቴክቱ ካልጠፋ የተላከው ሁሉ ሳይጻፍ ይቀራል።

ለየትኛውም መሣሪያ ሁለት ጊዜ ያውጡና ሁለቱን ያወዳድሩ። መጠናቸው ከተለያየ አንዱ ውሸት ነው። ከዚያ ሦስት ቅጂ ያኑሩ፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለሦስተኛው ቴሌግራም ውስጥ «ሴቭድ መሴጅስ» ይመቻል፤ ፋይሎቹን በዚፕ ጠቅልለው እንደ ፋይል ይላኩ። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለው በቅደም ተከተል ከስሙ ፊት ይጻፉ።

ሳይከፍቱ የሚገኝ ሙቀት

አብዛኛው ሙቀት የሚመጣው ከውጭ ነውና ብሎን ከመፍታትዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

አዳፕተር፦ ከኪቦርዱ ጀርባ የተጻፈውን ቮልት፣ አምፔርና የፖዘቲቭ-ኔጌቲቩን ሥዕል ከአዳፕተሩ ጋር ያመሳክሩ። ብዙ የያማሃ ኪቦርዶች መሃሉ ፖዘቲቭ የሆነ ይፈልጋሉ፤ ብዙ የድሮ ካሲዮና ሮላንድ ተቃራኒውን። አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ቮልቱ ሲበልጥ ግን ትርፉ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 12 ቮልት ገብቶ ውስጥ ያለው 7805 ሬጉሌተር ወደ 5 ቮልት ሲያወርደው፣ መሣሪያው አንድ አምፔር ከሳበ 7 ዋት ይነዳል። በ16 ቮልት ይኸው 11 ዋት ይሆናል። ባለ ትራንስፎርመሩ ከባድ አዳፕተር «12» ተብሎ ሳይጫን ሲለካ 16 ወይም 17 ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ኪቦርዱ በርቶ እያለ ይለኩ።

ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ፦ ዳያስፖራ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ኪቦርድ ከ220 ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ይሠራል። ግን የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። የትራንስፎርመር ብረት የሚሸከመው የማግኔት ጫና ቮልቱ ለኸርዙ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 120 ለ60 ሲካፈል 2፣ 110 ለ50 ሲካፈል 2.2። ዐሥር ከመቶ ይበልጣል፣ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራውም ትራንስፎርመር ይበልጥ ይግላል። ጀርባው ላይ «50/60» የሚል ካለ አይጨነቁ። ከጃፓን የመጣ 100 ቮልት ዕቃ ደግሞ 110 ላይ ሳይሆን 100 በሚያወጣ ማውረጃ ይሥሩት። ማውረጃው የሚችለው ዋት ኪቦርዱ ከሚፈልገው ቢያንስ እጥፍ ይሁን።

ጀነሬተር፦ አስነሥተው ዙሩ ሲረጋ ይለኩ፤ ከ210 እስከ 235 ቮልት ከሆነ ብቻ ይሰኩ። ቤንዚኑ አልቆ እስኪጠፋ አይጠብቁ፤ ሊሞት ሲንተፋተፍ ቮልቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ፍላሽ ላይ እየተጻፈ ከሆነ ፋይሉ በዚያው ይበላሻል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር 650 ቪኤ ዩፒኤስ ከስታቢላይዘር ይሻላል። ስታቢላይዘር የሄደን መብራት አይመልስም፤ ዩፒኤሱ ግን ለማስቀመጥ የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። በርካሹ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሌሊቱን ሙሉ አይጫወቱ፤ የሚያወጣው ሞገድ ንጹሕ ስላልሆነ ትራንስፎርመሩን ያግለዋል።

ከፍታም ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት ይዞ አይሄድም። ብርዱ ያካክሰዋል። ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ሸፍነው ወይም ግድግዳ አስጠግተው ከሠሩበት ግን ማካካሻው ይቀራል። ከጀርባው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ።

መክፈት

ስፒናው ይነቀል። የኃይል ቦርዱ ውስጥ ወደ ዲሲ የተቀየረው 220 ቮልት በትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅመው ክፍል) ላይ ወደ 310 ቮልት ይሆናል፤ ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ በዲሲ ቮልት ይለኩ፤ ከቀረ በ2 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ያውርዱት። በካቻቢቴ ማገናኘት የሚወዱ አሉ፤ ካፓሲተሩንም፣ ካቻቢቴውንም፣ አንዳንዴም ዓይንን ያበላሻል።

ኪቦርዱን በቁልፎቹ ሲደፉት ከሥሩ የጥጥ ጋቢ ያንጥፉ። የሱፍ ወይም የናይለን ብርድ ልብስ በበጋው ደረቅ አየር ስታቲክ ያጠራቅማል፤ አይሲ (ቺፕ) የሚገድለው ብልጭታ ደግሞ ለጣት የማይሰማው ነው። የብሎኖቹ ርዝመት ይለያያል፣ ረጅሙ ያለ ቦታው ከገባ ቦርዱን ይበሳል። እያንዳንዱ ከየት እንደወጣ በስልክ ፎቶ ያንሡና በካርቶን ላይ በዚያው አቀማመጥ ይሰኩ።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ፋን ያለው ከሆነ ሲነፉት ምላጩን በጣት ይያዙ። ከዚያ ትኩረትዎ የአሉሚኒየም ክንፍ የተጠጋቸው ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተሮች ላይ ይሁን። ግሎ መጥፋት፣ ቀዝቅዞ መነሣት ዋናው ምልክታቸው ነው፤ 7805 ከልክ በላይ ሲግል ራሱን የሚዘጋ መከላከያ አለው። ከነሱ ሥር ያለው ነጭ ቅባት ወደ ዱቄት ተለውጦ ከሆነ ሙቀቱ ወደ አሉሚኒየሙ አይሻገርም። እንዲህ ያድርጉ፦

1. ብሎኑን ፈትተው አሮጌውን ቅባት በአልኮል ከሁለቱም ፊት ያጽዱ።
2. በመሃል ስስ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልባጭ) ካለ ሳይሰብሩ ያንሡት፤ ከተሰነጠቀ ይቀይሩ። አዲሱን ቅባት በሚካው በሁለቱም ፊት ስስ አድርገው ይቀቡ። ማብዛት ያግዳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ግራጫ የሲሊኮን ጨርቅ ከሆነ ቅባት አይፈልግም።
3. ብሎኑን አጥብቀው በሬጉሌተሩ ጀርባና በአሉሚኒየሙ መካከል ኦም ይለኩ። የ7805 ጀርባ ግራውንድ ስለሆነ መገናኘቱ ላይጎዳ ይችላል፤ የ7905 (የኔጌቲቭ ቮልት ሬጉሌተር) ጀርባ ግን የሚገባው ኔጌቲቭ ቮልት ነው፣ ከግራውንድ ጋር ከተገናኘ ሾርት ነው።

ቀጥሎ ካፓሲተሮቹን ይመርምሩ። አናታቸው ያበጠ፣ ሥራቸው ቡናማ ፈሳሽ ያለበት፣ ወይም እንደ ዓሣ የሚሸት ይቀየራል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል፤ ስለዚህ ከሬጉሌተሩ አጠገብ ያለው ቀድሞ ይሞታል። ያላበጠም ሊያልቅ ይችላል። መሣሪያው በርቶ፣ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርገው 5 ቮልቱን ሲለኩ ከ50 ሚሊቮልት በላይ ካሳየ፣ ወይም ስፒከሩ ላይ የማይጠፋ እምምታ ካለ፣ ይጠርጥሩት። በርቶ ሲለኩ ከ220ው ክፍል እጅዎን ያርቁ። ምትኩ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል ይሁን። ባለ መስመሩ ጎን ኔጌቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል።

ሲነቅሉ መጀመሪያ አዲስ ሊድ (መበየጃ) ይጨምሩበት፤ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል ቶሎ ይቀልጣል። ካውያውን 350 ዲግሪ ላይ አድርገው ከ3 ሰከንድ በላይ አያቆዩ፣ መዳቡ ከቦርዱ ይላቀቃል። ፊውዙ ከተቃጠለ በትክክለኛው አምፔር ይቀይሩ። «ቲ» የሚል ፊደል ያለበት ዘግይቶ የሚቆርጥ ነው፣ በፈጣኑ ከቀየሩት ገና ሲበራ ይበጠሳል። በሽቦ ማገናኘት ቀጣዩን ፊውዝ ትራንስፎርመሩ ማድረግ ነው።

ባትሪው

ከከፈቱት ባትሪውንም ይለኩ፤ መሣሪያው ጠፍቶ እያለ ነው የሚለካው። ከ2.7 ቮልት በታች ከሆነ ይቀየር። ሲወጣ ውስጡ ያለው ድምፅ ይጠፋልና ቅጂው መጀመሪያ ተረጋግጦ መገኘት አለበት። በባትሪው ገላ ላይ በቀጥታ አይበይዱ፣ ሊፈነዳ ይችላል። ቦርዱ ላይ የባትሪ መያዣ በይደው ባትሪውን በኋላ ያስገቡት፤ ቀጣዩ ቅያሪ ያለ ካውያ ይሆናል። ኤም1ና ዲ-50 ባትሪያቸው ከወጣ በኋላ የፋብሪካ ድምፃቸውን ከራሳቸው አያመጡም፤ በሲስኤክስ ወይም በካርድ ይጫንላቸዋል። ትራይተን ግን በግሎባል ገጽ «ሎድ ፕሪሎድ» በማለት ከራሱ ሮም ይመልሳል።

መሞከርና መጓዝ

ክዳኑን ዘግተው ለሁለት ሰዓት በዴሞ ያጫውቱት። ክዳኑ ክፍት ሆኖ የሚደረግ ሙከራ አየር ስለሚያገኝ ያታልላል። ሲያበቃ ከፍተው፣ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ከለኩ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ጥቁር ቴፕ ለጥፈው በቴፑ ላይ ይለኩ፤ ያለ ቴፕ እውነተኛውን ሙቀት አሳንሶ ያሳያል። 50 እና 60 ዲግሪ የተለመደ ነው። 80 ከደረሰ ወደ አዳፕተሩና ወደ ቅባቱ ይመለሱ። ሁሉ ደህና ከሆነ ያወጡትን ዳታ መልሰው ይጫኑና አንድ የባቲ ሬጂስትሬሽን ጠርተው በጆሮ ያረጋግጡ።

ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አጣዬ ሙቀት ሲወርዱ በቀዘቀዘው ቦርድ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። እንደደረሱ ሻንጣውን አይክፈቱ፣ ዕቃውንም አያብሩ። በሻንጣው እንደተዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት አየር ያግኝ፤ ድንኳኑ እስኪሰናዳ የሚጠፋው ጊዜ ለዚህ ይበቃል። ፍሎፒዎቹንና ፍላሹን ከስፒከር ጋር በአንድ ሣጥን አይጫኑ። ፍላሹ ምንም አይሆንም፤ ፍሎፒውን ግን የስፒከሩ ማግኔት ያጠፋዋል።